ሳትቀምሱ አትንቀሉ

ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት ኮምቦልቻ ቤቴ ድረስ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሥራ ፍለጋው ሰልችቶታል። አያቱ ከሐርቡ በላይ ባለው ዳገት ላይ መሬት አላቸው። 200 ገደማ ያረጁ የቡና ዛፎች አሉበት። ስልኩን አውጥቶ የጻፈውን ዕቅድ አሳየኝ። ተራ ቁጥር አንድ «አሮጌውን ቡና መንቀል» ይላል።

«ጋሼ፣ የቡና ባለሙያ ነዎት ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ስፔሻሊቲ ቡና፣ በጣዕሙ ተመርጦ በውድ የሚሸጠውን፣ መትከል እፈልጋለሁ። ዘሩን ከየት ላግኝ?»

«የአሮጌው ጣዕምስ እንዴት ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። እየጠጣው ነው ያደገው። ግን ሁልጊዜ በስኳር፣ በጤና አዳም፣ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ። ለብቻው ቀምሶት አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ለእሱ ብቻ አይደለም። ከደሴም ከኮምቦልቻም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዛችሁ የምትደውሉልኝ በዝታችኋል። እኔ አርባ ዓመት ያህል ቡና ውስጥ ኖሬአለሁ፤ ግማሹን እርሻ ላይ፣ ግማሹን ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ የምነግራችሁ ዋናው ነገር ያበላሸሁት ነው።

ገና ተመርቄ እንደወጣሁ ደቡብ ምዕራብ፣ ተራራ ላይ ያለ አንድ አሮጌ የቡና እርሻ ተመደብኩ። ከላይ ዋንዛና ሰሳ፣ ከሥር ቡና። ጨለማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ጤዛ ነው። ለእኔ ኋላ ቀርነት መሰለኝ። ዛፍ ፀሐይ ካገኘ ያፈራል ብዬ፣ ከአንዱ ክፍል የጥላ ዛፉ በሙሉ እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረብኩ። ተፈቀደልኝ። የሠራተኞቹ ኃላፊ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። አልተከራከሩኝም። «እንጨቱን ማን ይወስዳል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። አለቆቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። በሦስተኛው ዓመት የቅርንጫፉ ጫፍ መድረቅ ጀመረ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ፍሬው ቀጨጨ። ያለ ጥላ ያደገ ቡና ከአቅሙ በላይ ያፈራል፤ ለፍሬው ሲል ሥሩንና ቅጠሉን ይበላል። በዚያ ላይ አፈሩን የሚይዝ፣ ቅጠሉን እያረገፈ የሚመግበው ዛፍ የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የሚወስደው ጥቁር አፈር ነበር። ዋንዛ መልሶ ለማሳደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናንተው አስቡት። የጣዕሙን ነገር ደግሞ ማንም አልጠየቀም። ያኔ የሚመዘነው ኪሎ ብቻ ነበር።

ጥላ ቀዝቀዝ ያደርገዋል። ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ቀስ ብሎ የበሰለ ፍሬ ይጣፍጣል። ከፍታም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን ከፍታ ሲባል ልክ አለው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ለቡና የተመቸች። በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ውርጩ ችግኙን ይጨርሰዋል። የደሴ ልጆች፣ ጦሳ ተራራ ሥር ቡና ልትተክሉ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቅርባችሁ። ወደ ቃሉ፣ ወደ ተሁለደሬ፣ ወደ ወረባቦ ቆላማው ወገን ዘመድ ፈልጉ።

አሁን ጌሻ ስለሚባለው ውድ የቡና ዝርያ ልንገራችሁ፤ ሁላችሁም ስለምትጠይቁኝ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከጌሻ አካባቢ የተለቀመ ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ። ከዚያ ፓናማ ደረሰ። ገበሬው ግን ብዙም አልወደደው። ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ምርቱም አነስተኛ ነው። በባሩ እሳተ ገሞራ ተራራ ጥግ፣ ቦኬቴ ውስጥ፣ ላ ኤስሜራልዳ የሚባል የቆየ እርሻ አለ። የፒተርሰን ቤተሰብ በ1967 ነው የገዛው፤ ለረጅም ጊዜ በዋናነት ከብት ያረባበት ነበር። በ1990ዎቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሃራሚዮ የሚባል መሬት ጨመሩ። እዚያ ከሌላው ቡና ጋር ተቀላቅሎ የቆመ ጌሻ ነበር። ሲለቀምም አብሮ ነበር የሚለቀመው። ኋላ ላይ የእያንዳንዱን ክፍል ቡና ለየብቻ ለቅመው ለየብቻ ሲቀምሱ ነው ጉዱ የወጣው። በ2004 የፓናማን የቡና ቅምሻ ውድድር አሸንፎ በጨረታ ፓውንዱ 21 ዶላር ተሸጠ። ተራ ቡና ያኔ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር።

ብዙዎቻችሁ ከዚህ ታሪክ የምትወስዱት «ጌሻ ልትከል» የሚለውን ነው። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። ዛፉ ቆሞ ነበር። ያልነበረው የሚለየው ሰው ነው።

እኛም አገር ተሠርቷል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገብቶ ምርቱን ሲያጠፋ፣ ተመራማሪዎች በየጫካው ዞሩ። ጎረቤቱ ጠቁሮ ሲረግፍ ደህና የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ዘሩን ወሰዱ። ዛሬ ከጅማ ምርምር የሚወጡት 74110፣ 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ልጆች ናቸው። 74 ቁጥሩ የተመረጡበት ዓመት ነው። አዲስ ችግኝ የግድ ካስፈለጋችሁ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። ለኢሉባቦር ዝናብ የተመረጠ ሁሉ ወሎ ላይ እሺ አይልም።

የኛ የወሎ ችግር በልግ ነው። ቡና የሚያብበው ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው ነው። በልጉ ከተቆራረጠ አበባውም በየጊዜው ይወጣል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ፍሬ አንድ ላይ ታያላችሁ። አንዴ አርግፎ መጨረስ የለም። ቀዩን ብቻ፣ ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሱ መልቀም ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ዳገቱን ደግሞ እርከን ሥሩ፣ ከሥሩ ጉዝጓዝ አልብሱት። እርከን ለወሎ ልጅ እኔ አላስተምርም።

ጫቱስ? እሱን ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ውኃ ካለው በዓመት ደጋግሞ ብር ያመጣል። ቡና አዲስ ተክላችሁ ሦስት አራት ዓመት ትጠብቃላችሁ። ጎረቤቴ ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በዚያ ነው፣ አልፈርድበትም። የቡናውንም ሒሳብ ሳትዋሹ አስሉት። የልጁ 200 ዛፎች እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ እሸት ቢሰጡ 600 ኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 6 ኪሎ ያህል እሸት ይፈጃል። 100 ኪሎ ማለት ነው። ሁለት የ60 ኪሎ ጆንያ አይሞላም። በዚህ ማንም ሀብታም አይሆንም፤ ሥራ ያለው ሥራውን አይልቀቅ። ግን 100 ኪሎው በቅምሻ ከመቶ 80ና ከዚያ በላይ ነጥብ የሚያገኝ፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚባል ከሆነ ገዢው የሚያወራችሁ በሌላ ቋንቋ ነው።

ለልጁ የሰጠሁት ሥራ ቀላል ነበር። መሬቱን አራት ቦታ ክፈለው። ከየክፍሉ ቀዩን ብቻ ልቀም። ውኃ ውስጥ ጨምረህ የሚንሳፈፈውን አውጣ። በእንጨትና በሽቦ ወገብ የሚደርስ አልጋ ሥራ። ስስ አድርገህ አስጣ፣ ደጋግመህ አገላብጥ፣ ሌሊት ሸፍን። መሬት ላይ እንዳታሰጣ። አራቱን ጀንፈል በአራት ከረጢት አስቀምጥ፤ ስማቸውን ጻፍባቸው።

ጥር ላይ እኔ ራሴ ሄድኩ። ቀለል አድርገን ቆላን፣ ፈጨን፣ አራት ስኒ ደረደርን። የፈላ ውኃ ጨመርን፣ አራት ደቂቃ ጠበቅን፣ አረፋውን በማንኪያ ሰበርን። የታችኛው ክፍል አፈር አፈር አለኝ። ልጁን ሳፋጥጠው አንድ ቀን አልጋው ሞልቶበት ሳር ላይ ማስጣቱን አመነ። ሁለተኛው ደህና ነው፣ ምንም አይልም። ሦስተኛው ከዋንዛው ሥር ያለው ነው። እንደ ሎሚ ምላስ ያነቃል፣ ሲበርድ ደግሞ ማር ማር ይላል። ማንኪያውን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ።

አያቱ ጓዳ ሆነው ይስቁብናል። «አንተ ልጅ፣ ቡና እንዲህ እየተፋ የሚጠጣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ «አንተ ልጅ» የሚለኝ ማግኘቴ ደስ አለኝ። ስኒዎቹን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ ፉት አሉ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መልሰው ቀመሱት።

«ይኼማ የአማቴ ነው» አሉ።

ተነስተው ከቆጡ ላይ አንድ ትንሽ ከረጢት አወረዱ። ከዋንዛው ሥር የተለቀመ ጀንፈል ነው። ለካ በየዓመቱ ለብቻው ያስቀምጡታል፣ ለዱዓ ቀን። ለገበያ የሚሸጡት ሌላውን ነው።

ልጁ አያቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወጥቶ ዋንዛው ሥር ያሉትን ዛፎች ቆጠረ። 31 ናቸው። ቀይ ክር ሲያስርባቸው አያቱ እየተከተሉ «እሱን ተው፣ እሱ አይደለም፣ ያኛው ነው» ይሉት ነበር።