ከምናለሽ ተራ እስከ ቆራሌው ጆንያ፦ ስለ ድሮ ዕቃ ጋሽ ሸክላን ጠይቁ

የዛሬው ተጠያቂያችን ሁላችሁም የምታውቋቸው ጋሽ ሸክላ ናቸው። ከመርካቶ፣ ከቆራሌው፣ አገር ለቀው ከሚሄዱ ሰዎች ቤት የድሮ ዕቃ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥያቄያችሁን ጻፉ፤ እሳቸው በተመቻቸው ቅደም ተከተል ይመልሳሉ።

ጋሽ ሸክላ፦ እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ያገኛችሁትን ዕቃ ሳትጠይቁ አታጽዱ። ሁለተኛ፣ ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ጽና ወይም ሥዕል ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ አትግዙ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ መናገሬ አይቀርም። አሁን ጠይቁ።

የሳሪስ ልጅ፦ ጋሼ፣ ከቆራሌው አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም ገዛሁ። የሴት ምስል አለው፣ 1780 ይላል። ስንት ያወጣል?

ጋሽ ሸክላ፦ ማርትሬዛ ነው፤ ጠገራ ብር። 1780 ምስሏ የምታየው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ መትተውታል። ጣሊያንም አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሮም ላይ መምታት ጀመረች። ቪየና እስከ ዛሬም አላቆመችም። ስለዚህ ዓመቱን ተወውና መዝነው። 28 ግራም ከትንሽ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የላቲን ፊደል ይኖራል። ማግኔት ከሳበው ሐሰተኛ ነው። እውነተኛ ከሆነ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም። አሸዋና አመድ ይዘህ እንዳትፈትገው።

ካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ አባቴ ትተውልን ያለፉ አንድ ካርቶን የሙዚቃ ሸክላ አለ። ወንድሜ ለቆራሌው ሊሰጠው ነበር፤ አስጣልኩት። የትኛው ዋጋ እንዳለው እንዴት ልለይ?

ጋሽ ሸክላ፦ እግዜር ይስጥሽ፣ ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። መጀመሪያ ካርቶኑን ከፀሐይ አርቂው። ሸክላዎቹ ተኝተው ከተደራረቡ ዛሬውኑ አቁመሽ ደርድሪያቸው፤ ተደራርቦ የኖረ ሸክላ ይጎብጣል።

ከዚያ መሀሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋ ወይም ፊሊፕስ የሚል ካገኘሽ ለብቻው አስቀምጪ። ለምን መሰለሽ? በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ እሸቴ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነው። ያንን ክልከላ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሕንድ አሳትሞ ነው ያስመጣቸው፤ በኋላ ወደ ሊባኖስ ዞረ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላና አሥራ ሁለት ገደማ ኤልፒ፣ ብዙ ዘፈን የሚይዘውን ትልቁን ሸክላ፣ አውጥቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። አሊ አብደላ ካይፋ፣ እኛ አሊ ታንጎ የምንለው፣ በካይፋ ስም የራሱን ያወጣ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የምሽት ቤቱ ጭር አለ፣ ካሴት ገበያውን ያዘው። ሸክላው በዚያው ቀረ። እንግዲህ ሁሉም ከአሥር ዓመት ብዙም ያልዘለለ ጊዜ ሥራ ነው። በዚያ ላይ ብዙው ቡና ቤት ጁክቦክስ፣ ሳንቲም ሲገባበት ዘፈን የሚያጫውተው ማሽን፣ ውስጥ ሲፋጭ ያለቀ ነው። ደህና የተያዘ ማግኘት የሚከብደው ለዚህ ነው።

አሁን አካሉን እዪ። መስኮት አጠገብ ይዘሽ አዘንብዪው። ለዓይን የሚታይ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አያስፈራም። በጥፍርሽ ስትነኪው የሚሰማሽ ጭረት ግን መርፌውን ያዘልለዋል። ጉብጠቱን ለማወቅ መስታወት ላይ አጋድመሽ በጎን ተመልከቺ። ዘፈኑ አልቆ መሀሉ ጋ ሳይደርስ ባዶ ቀለበት አለ። እዚያ ላይ የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር ታገኛለሽ። ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዪው። በአምሃ ኤ.ኢ.፣ በካይፋ ኬ.ኤፍ. የሚል ፊደል ከቁጥሩ ጋር አለ። ከሽፋኑ ጀርባ ባርኮድ ካየሽ አዲስ እትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ ኢትዮፒክስ የተባለው የሲዲ ተከታታይ ከወጣ ወዲህ የውጭ ሰብሳቢዎች ስለነቁ፣ እንደገና የታተመ ሸክላ በዝቷል። ለመስማት ጥሩ ነው፤ በድሮ ዋጋ ግን አትግዢው።

ማጽዳት ካስፈለገ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። የመሀሉ ወረቀት አይንካው። ጨርቁ የመስመሩን ዙር ተከትሎ ይሂድ። ከባድና ተሰባሪ የሆነ የድሮ ባለ 78፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ፣ ካለሽ አልኮል በጭራሽ አታስነኪው፤ ያሟሟዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አባትሽ የት እንደገዙት፣ በየትኛው ቤት እንደተደነሰበት እናትሽ ወይም አክስትሽ ያስታውሱ ይሆናል። ጠይቂና ጽፈሽ ሽፋኑ ውስጥ አስገቢ። ሽፋኑ ላይ የሰው ስም ወይም የቡና ቤት ማኅተም ካለም አትፋቂው።

ቦሌ ቡልቡላ፦ ሰላም ጋሽ ሸክላ፣ ምን ዓይነት የድሮ ዕቃ ነው ዋጋ ያለው?

ጋሽ ሸክላ፦ ይህ እንዴት ይመለሳል? የያዝከውን ዕቃ ንገረኝ።

ሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ እኔ እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች የቤት ዕቃቸውን የሚሸጡበት ኢስቴት ሴልና ጋራጅ ሴል እዞራለሁ። አልፎ አልፎ የኛ አገር ዕቃ ይገጥመኛል፤ መሶብ፣ በርጩማ፣ አንዴም የአማርኛ ሸክላ። ፈረንጅ ቤት ምን ይሠራል? የት ብፈልግስ ይሻላል?

ጋሽ ሸክላ፦ ጎበዝ፤ እንዲህ ነው መጠየቅ። መንገዱን ካወቅሽ ቤቱን ታውቂዋለሽ። ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ ገባ። ብዙ ወጣት አሜሪካውያን በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ። ሲመለሱ መሶቡን፣ ጋቢውን፣ ሸክላውን ይዘው ሄዱ። ሁለተኛው አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ነው። እዚያ የአሜሪካ ጦር እስከ 1977 ነበር፤ ብዙ ወታደር ከነቤተሰቡ ኖሮበታል። እነዚህ ሰዎች አሁን በዕድሜ ገፍተዋል። ቤታቸው ሲዘጋ ልጆቻቸው ዕቃውን ያወጣሉ፤ ምንነቱን ግን አያውቁም። የሽያጩ ማስታወቂያ ላይ የጡረታ መምህር፣ የቀድሞ ዲፕሎማት ወይም የጦር ሰው ቤት የሚል ካለ ቀድመሽ ድረሺ።

ቤት ውስጥ ስትገቢ ሳሎኑን ለሌላው ትተሽ ወደ ምድር ቤቱና ወደ መጻሕፍት መደርደሪያው ሂጂ። የስላይድ ፎቶ ሣጥን ካገኘሽ አትለፊው። የጎጃም ገበያ፣ የአሥመራ ጎዳና፣ የትምህርት ቤት ልጆች በቀለም የተነሡበት ሊሆን ይችላል። ገዢ ስለሌለው ይጣላል። ለኔ ከመሶቡ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የጃንሆይን ዘውድ በዓል የያዘው እ.ኤ.አ. የሰኔ 1931 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔትም ያጋጥምሻል። በብዛት የታተመ ስለሆነ ብዙ አትክፈዪ። የተጠቀለለ የብራና ክታብ ነገር ደግሞ በኋላ እመለስበታለሁ።

የደሴው፦ ጋሼ፣ እኔም 1780 የሚል ሳንቲም አለኝ፤ ስንት ይሸጣል?

ጋሽ ሸክላ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

ሰሚት፦ የእጅ ሰዓት? ኦሜጋ ነው ብለው ሸጡልኝ።

ጋሽ ሸክላ፦ ሰዓት አላውቅም። ጀርባውን የሚከፍትልህ ሰዓት ሠሪ ጋ ሂድ።

ቦሌ 24፦ ስለ ሸክላ አንድ ነገር ልናገር። እኔ የአጎቴን ሸክላዎች ከውጭ ለመጣ ሰብሳቢ ሸጬ የልጄን ትምህርት ቤት ከፍያለሁ። እዚህ የሚገዛ የለም። ማቆየቱ ለማን ነው?

የጎንደሯ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ እየተባለ ነው ሁሉም ነገር ያለቀው። ነገ ልጅህ የአገሩን ዘፈን ለመስማት ከፈረንጅ ሊገዛ ነው።

ቦሌ 24፦ አሁንስ ከኢንተርኔት አይደል የምትሰሚው? ማን ጫነው? እነሱ ናቸው።

የጎንደሯ፦ የጫኑት የኛን ነው። በዚያ ላይ ለዘፋኙ ቤተሰብ ምን ደረሰ?

የልደታው፦ ጥያቄው ስለ ዕቃ መግዛት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሸክላ፦ ተዉ፣ አትጣሉ። ልጁን ለማስተማር የሸጠ ሰው አይወቀስም። ግን ቦሌ 24፣ ከመሸጥህ በፊት ድምፁን ቀድተህ፣ ሁለቱንም ፊትና ሽፋኑን ፎቶ አንሥተህ አስቀርተሃል? ካላስቀረህ ያ ነው ያጣነው። ከእንግዲህ የምትሸጡ ሁሉ መጀመሪያ ይህን አድርጉ። ስልክ ይበቃል። የዘፋኙ ቤተሰብ ነገር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እሱን ለሕግ ሰው እንተወው።

እማማ ጓዳ፦ ልጄ፣ ባለቤቴ ትቶት የሄደው ግሩንዲግ ራዲዮ አለ። ብዙ ዘመን አልተከፈተም። ሶኬት ላይ ልሰካው?

ጋሽ ሸክላ፦ እማማ፣ እባክዎ አይሰኩት። ብዙ ዘመን የቆመ ራዲዮ ኮንደንሰሩ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍሉ፣ ይደርቃል፤ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሊቃጠል ይችላል። የድሮ ራዲዮ የሚያውቅ ጠጋኝ መጀመሪያ ውስጡን ይይልዎት። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ብቻ ያራግፉ፤ እንጨቱን በውሃ አይጥረጉ። ጀርባው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ እንዳይነሣ ይንገሩት። ከአሜሪካ ዕቃ የምታመጡም ስሙ፤ የዚያ አገር 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር ከሰካችሁት በዚያችው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

የአራት ኪሎው፦ ጋሼ፣ አንድ ሰው ከገጠር ያመጣው ብራና አለ። ሥዕል ያለበት፣ በጣም ያረጀ። ዋጋው ርካሽ ነው። ቢቀር ሌላ ሰው ይወስደዋል ብዬ ነው።

ጋሽ ሸክላ፦ አትግዛ። ሁሉም «ሌላ ሰው ይወስደዋል» ነው የሚለው። ብራናው ከአንድ ደብር ዕቃ ቤት ነው የወጣው፤ አንተ ስትከፍል የሚቀጥለውን እንዲያወጣ ገንዘብ ሰጠኸው ማለት ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጂግ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ በ2001 ነው የተመለሰው። ያን ያህል የታወቀ መስቀል እንኳ አራት ዓመት ፈጀ። ስሙ ያልታወቀ ብራና ግን ከወጣ አይመለስም። የቅርስ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 209/1992 ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ሰውየውን ከየት እንዳመጣው ጠይቀው። ካልነገረህ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለሀገረ ስብከቱ አሳውቅ።

ሜሪላንድ፣ አንቺም ክታብ ካገኘሽ ያው ነው። እዚያ ሽያጭ ላይ መግዛቱ ሊያድነው ይችላል፤ ሸጠሽ ልታተርፊበት ግን አታስቢ። ፎቶ አንሺው፣ ከየት ቤት እንደወጣ ጻፊ፣ አጠገብሽ ያለውን የኛን ቤተ ክርስቲያን አማክሪ።

የአራት ኪሎው፦ እሺ ጋሼ። ይቅር፤ አልገዛም።

የመርካቶው፦ ምናለሽ ተራ ስንት ሰዓት ነው ጥሩ?

ጋሽ ሸክላ፦ በጠዋት። ቆራሌዎቹ ያመጡት ሲራገፍ ካልደረስክ መራጮቹ ይቀድሙሃል። ብረቱ በሚዛን ተሽጦ ሊቀልጥ የሚሄድ ብዙ ነው፤ አሮጌ ቁልፍ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የፋኖስ አካል በዚያ ውስጥ ነው የሚጠፋው። የአማርኛ ፊደል ያለው ኦሊቬቲ ካየህ ቆም በል። አንድ ፊደል ስለጎደለው አትተወው። ዝርዝር ገንዘብ ያዝ። ዋጋ ተከራከር፤ ግን ሰውየው ምን እንደያዘ ባለማወቁ አትበዝብዘው። ቆራሌ ፀሐይ ለፀሐይ ሰፈር ሲዞር የሚውል ሰው ነው። አንዴ ደህና ከከፈልከው በሚቀጥለው ራሱ ይደውልልሃል። እኔ ምርጥ ሸክላዎቼን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

የሐዋሳዋ፦ ዜኒት ካሜራ ገዛሁ። ይሠራል?

ጋሽ ሸክላ፦ ሳላየው እንዴት ላውቅ? ጀርባውን ክፈቺ፣ የማንሻውን ቁልፍ ተጫኚ፣ መጋረጃው ሲከፈትና ሲዘጋ ተመልከቺ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርገሽ ውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፤ ከሌሎች ሌንሶች ለይተሽ አስቀምጪው። ሶቪየት የተማሩ ሰዎች ብዙ ይዘው መጥተዋል፤ ውድ ዕቃ አይደለም፣ ግን ጠንካራ ነው። ሻጩን ማን እንዳመጣው ጠይቂው።

የየካው፦ ጋሼ፣ የብር ሳንቲሙን በኮምጣጤና በቤኪንግ ፓውደር አጠብኩት፣ አብረቀረቀ! አሁን ዋጋው ጨመረ?

ጋሽ ሸክላ፦ ቀነሰ። መጀመሪያ መስመር ላይ አታጽዱ ብዬ ነበር። የቀረውን አትንካው።

ካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ አሁን ካርቶኑን ከፈትኩት። ኬ.ኤፍ. የሚል ሁለት አለ። አንዱ ሽፋን ላይ የአባቴ እጅ ጽሑፍ አለ፣ የሚነበብ ስም ነው። ቤት ያለውን አሮጌ ማጫወቻ ከፍቼ ልሞክረው?

ጋሽ ሸክላ፦ በዚያ መርፌ አይሆንም! ያረጀ መርፌ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ አዲስ መርፌ አስገዢ። የማጫወቻውን ዓይነት ጻፊልኝ፤ የትኛው መርፌ እንደሚገባለት እነግርሻለሁ።