ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ የቅንጦት መኪና ሲገዙ ምኑን ያስፈትሻሉ?

አንድ አንባቢ በ2006 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሜርሴዲስ ቤንዝ ኢ 350 ሊገዙ አስበዋል። መኪናው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር፣ ባለ ሰባት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮና በአየር የሚሠራ ሞላ ያለው ሲሆን 238,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ወንበሩ ቆዳ ነው፤ ሻጩም «ዘይቱን ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ፣ የቀረው መንዳት ብቻ ነው» ብለዋቸዋል። አንባቢያችን የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ኪሎ ሜትሩ በዝቷል ወይ? ባለሙያ ይዤ ስሄድስ ምኑን እንዲያይልኝ ልንገረው?

ኪሎ ሜትሩ ብቻውን አያስፈራኝም። እንዲህ ያለ ሞተር በጊዜው ዘይቱ እየተቀየረለት ከኖረ ከዚህ በላይም ይሄዳል። የሚያስፈራኝ ያ ሁሉ መንገድ ሲሄድ ምን እንደተሠራለት የሚናገር ወረቀት አለመኖሩ ነው። አዲስ ሳለ የገዛው ሰው ውድ ጥገና ለመክፈል ተዘጋጅቶ የገዛው ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ባለቤት ግን ዋጋው ስለወረደ ነው የገዙት፤ የመለዋወጫው ዋጋ ደግሞ ከመኪናው ጋር አብሮ አልወረደም። በዚህ ዕድሜ ላይ የሚገኝ የቅንጦት መኪና ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ባለቤቱ ሊያስጠግን ያልፈለገው አንድ ነገር ሲገጥመው ነው። የእርስዎ ሥራ ያንን አንድ ነገር ከመክፈልዎ በፊት ማግኘት ነው።

ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ ሞተሩ ሌሊቱን ሳይነሳ እንዲያድር፣ እርስዎ ሳይደርሱም ማንም እንዳያስነሳው ይጠይቁ። ሲደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ ኮፈኑን አስከፍተው እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ደንበኛዬ ጋር መኪና ልናይ ሄደን ኮፈኑን ሳልነካ በቀጥታ አስነሳሁት፤ ድምፁ ንጹሕ ነበር። ደንበኛዬ ገዝቶት በነጋታው ጠዋት ሲያስነሳው የሞተሩ ሰንሰለት ለሦስት ሰከንድ ያህል ጠጠር እንደያዘ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ሻጩ እኛ ከመድረሳችን በፊት አሙቆት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ እጄ ሳይነካው ጆሮዬን አላምነውም።

ሲነሳ አንድ ሰው ከጭስ ማውጫው ኋላ ይቁም፣ ባለሙያው ደግሞ ኮፈኑ ዘንድ ሆኖ ያዳምጥ። አንድ ሰከንድ የማይሞላ ቀላል መንኳኳት ዘይቱ ወደ ላይ እስኪደርስ የሚሰማ ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ከዚያ ያለፈ የሰንሰለት ድምፅ ግን ሌላ ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት የሚወጣ ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋና ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ካለው የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ እንዲሠራ ከተዉት በኋላ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉት አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጢስ ቡልቅ ካለ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ደርቀዋል፤ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፒስተን ፋሻ ይሄዳል፣ ሂሳቡም በዚያው ልክ ይከብዳል።

«ዘይት ቀይሬያለሁ» የሚለውን ቃል እኔ የምተረጉመው ዘይቱ ከእንግዲህ ምንም አይነግረኝም ብዬ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት ውስጡን ሲያዩ ግን የዓመታቱ ታሪክ እዚያ ተለጥፎ ያገኙታል። ብረቱ ንጹሕ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቁር ዝቃጭ ከተጋገረበት የባለፈው ሳምንት አዲስ ዘይት የድሮውን ቸልታ አያጥበውም።

አሁን ወደዚህ ሞተር የራሱ ጉዳይ ልግባ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምፈልገው ይህንን ነው። ሞተሩ ኤም 272 ይባላል። ሲሊንደሮቹ በ90 ዲግሪ ማዕዘን የተቀመጡ ስለሆኑ ንዝረቱን የሚያረጋጋ ባላንስ ሻፍት በውስጡ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ሞተሮች ላይ ይህን ሻፍት ከሰንሰለቱ ጋር የሚያገናኘው ጥርስ ከጊዜው ቀድሞ የሚበላ ሆኖ ተገኝቷል። ጥርሱ ሲበላ ቫልቮቹን የሚከፍቱት የካምሻፍቶች የመዞር ጊዜ ይዛባል፣ የሞተር መብራት ይበራል፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክፋቱ የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ቦታው ነው፤ ለመቀየር ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ መፈታት አለበት፣ ይህም በዚህ ዕድሜ ካለ መኪና ዋጋ ላይ ትልቅ ድርሻ የሚወስድ ሥራ ነው። በሞተሩ ቁጥር መጨረሻ ያሉት ስድስት አሃዞች ከ468993 በታች ከሆኑ ሞተሩ ከችግረኞቹ ወገን ነው። የ2006 መኪና በሁለቱም ወገን ሊወድቅ ስለሚችል በዓመቱ ሳይሆን በቁጥሩ ይፍረዱ። ቁጥሩ ከዚያ በታች ሆኖ ሥራው በደረሰኝ የተረጋገጠ ከሆነ ግን ይህ መኪና ከሌሎቹ የተሻለ ነው፤ ያንን ክፍያ ሌላ ሰው ከፍሎልዎታል።

ደረሰኝ ከሌለ ባለሙያው ለሜርሴዲስ የተዘጋጀ የመመርመሪያ መሣሪያ አስገብቶ ይመልከት። 1200 ወይም 1208 የሚል የብልሽት ኮድ ከተገኘ የካምሻፍቱ ጊዜ ተዛብቷል ማለት ስለሆነ ምርመራውን እዚያው ማቆም ይቻላል። ኮድ አለመገኘቱ ብቻውን ግን አያጽናናም፤ ሻጩ ጠዋት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ይህንን ለማወቅ መንገድ አለ። የመኪናው ኮምፒውተር ኮዶቹ ከተሰረዙ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደና ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሞቀ ይመዘግባል፤ ብዙ ርካሽ መሣሪያዎችም እንኳ ይህን ያነባሉ። «12 ኪሎ ሜትር» የሚል ቁጥር ካዩ አንድ ሰው በቅርቡ ማኅደሩን አጽድቷል። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያካሂዳቸው የጭስና የነዳጅ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» የሚል ምልክት ካሳዩም ትርጉሙ ያው ነው። ባትሪው በቅርቡ ተነቅሎ ከሆነም ይህ ስለሚደርስ ሻጩን በትሕትና ይጠይቁ፤ መልሱ አሳማኝ ከሆነ ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ ተመልሰው ይዩት።

ኮፈኑ ክፍት ሳለ አንድ ትንሽ ነገር ያስነቅሉ። በሞተሩ ፊት ለፊት የካምሻፍቱን ጊዜ የሚያስተካክሉ አራት ማግኔቶች አሉ። የአንዱን የኤሌክትሪክ ሶኬት ነቅለው ነጭ ጨርቅ ጫፉን ወደ ውስጥ ያስነኩት። ጨርቁ ዘይት ጠጥቶ ከወጣ ማግኔቱ እያፈሰሰ ነው፤ ማግኔቱ ራሱ ቀላል ሥራ ነው፣ ነገር ግን ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዘይት ካገኙ የኮምፒውተሩን ሶኬትም ያስከፍቱ።

ፍሬኑ የራሱ ታሪክ አለው። በ2006 አጋማሽ ከተደረገው ለውጥ በፊት የተሠሩት ፔዳሉ የሚሰጠውን ምልክት በኤሌክትሪክ ፓምፕ ወደ ግፊት የሚቀይር ኤስ ቢ ሲ የሚባል ሥርዓት አላቸው። በሩን ሲከፍቱ ፓምፑ አጭር የጉርምርምታ ድምፅ ካሰማ መኪናው ይህ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱ ፍሬን ስንት ጊዜ እንደተያዘ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ወሰኑ ላይ ሲደርስም ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ መሣሪያው ቆጠራውን ስለሚያነበው ያስነብቡት። የፍሬን ሸራ የሚቀይርልዎት ሰውም ሥርዓቱን ሳያሰናክል እጁን እንዳያስገባ ያሳስቡት፤ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ጣት ሊጨፈልቅ ይችላል።

የአየር ሞላውን ለመፈተሽ ከሜትር በቀር ምንም አያስፈልግም። መኪናው ያደረበት ቦታ ላይ ሳይነሳ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለክተው ይጻፉ። የፊት ግራና የፊት ቀኝ፣ እንዲሁም የኋላዎቹ እርስ በርሳቸው መቀራረብ አለባቸው። አንዱ ጥግ ሌሊቱን ሁለት ሦስት ጣት ወርዶ ካደረ የአየር ከረጢቱ ይተነፍሳል። አነስተኛ ነው ብለው እንዳይተዉት፤ የሚተነፍሰውን ለመሙላት ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ አንዱ ከረጢት ችላ ሲባል ኮምፕረሰሩን አብሮ ይገድላል። ሞተሩ ሲነሳ መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ልኩ መውጣቱንና ኮምፕረሰሩ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱን ያዳምጡ።

ካምቢዮው ሲፈተሽ ከቆመበት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሲያስገቡት በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያለ ድንጋጤ መያዝ አለበት። ከዚያ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ነዳጁን ለስለስ አድርገው ሲነዱ መኪናው በተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ እንደሚሄድ ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ከሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ወይም ከካምቢዮው ዘይት ሊሆን ይችላል። ቆሞ እስኪሞቅ ድረስ ደህና ሆኖ ሙቀቱ ሲጨምር በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚቀር ካምቢዮ ደግሞ ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሳህን ሊሆን ይችላልና ሙከራው ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ። የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ያገለግላል የሚለውን ወሬ አልቀበልም፤ እኔ በ60,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፣ ሻጩም መቼ እንደቀየሩት ካላወቁ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት።

የአካሉን ነገር ባጭሩ ላንሳ። የዚህ መኪና ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹና የኋላ ክዳኑ አልሙኒየም ስለሆኑ ማግኔት ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉም በስቱኮ የተሞላ ይመስለዋል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ይጠቀሙ፤ የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 180 ማይክሮን ሲሆን ከ300 በላይ የሚያነብ ቦታ ስቱኮ ሊኖረው ይችላል። የአንድ በር ቀለም መቀባቱ ምንም አይደለም፤ ምሰሶና ጣሪያ ላይ ከተገኘ ግን ከባድ አደጋ ደርሶበት እንደነበር ያስጠረጥራል። የኪሎ ሜትሩን እውነትነት ለማየት የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የሾፌሩን ወንበር የበር በኩል ጠርዝ ይመልከቱ፤ 238,000 ተነድቶ የፔዳሉ ጎማ እንደ አዲስ ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። የአደጋ ከረጢቱ መብራት ደግሞ ቁልፉ ሲከፈት በርቶ በራሱ ጊዜ ይጥፋ፤ ጨርሶ የማይበራ ወይም ከዘይቱ መብራት ጋር እኩል የሚጠፋ ከሆነ አንድ ሰው ሽቦውን አገናኝቶታል።

ሁሉም ነገር ያለ እንከን ይሆናል ብለው አይጠብቁ። የሚያፈስ ማግኔት፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ፣ የተበላ ቴስቲና፣ ያረጀ ጎማ፣ አንድ የተነፈሰ የአየር ከረጢት ቢያገኙ ዋጋቸውን ደምረው ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ እንጂ መኪናውን አይተዉት። እኔ ሳልከራከር የምሄደው በሦስት ነገር ነው፦ የሞተሩ ቁጥር ከ468993 በታች ሆኖ ከ1200 እና ከ1208 ኮዶች አንዱ ሲገኝ፣ የራዲያተሩ ውሃና የካምቢዮው ዘይት ተቀላቅለው ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ሲታይ፣ ሻጩም መኪናው ቀዝቅዞ እንዲነሳ ወይም ከፍ ብሎ ሥሩ እንዲታይ ሲከለክሉ። በተለይ ሦስተኛው ሲደርስብዎ መሣሪያውን አስገብተው ጊዜዎን አያጥፉ፣ ቀጥለው የሚያዩትን መኪና ቀጠሮ ያስይዙ።