«እኔ» የሚባል የለምን? ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ቆይቷል። ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራ ልጅ በስልክ የሚደመጥ ትምህርት ሰጠችኝ። «እኔ» የምንለው ሐሳብ የፈጠረው ነው፤ ዓለም እንደ ሕልም ናት፤ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ የተወለደም የሞተም የለም ይላል። ከፈረቃ ወጥቼ ጸጥ ብዬ ተቀምጬ «እኔ ማን ነኝ?» እያልኩ ስጠይቅ ልቤ ያርፋል። ዘንድሮ ግን ወንድሜ የሞተበትን ቀን አስበን ጸሎት ስናስደርግ እንባ እንቢ አለኝ። እናቴ ስታለቅስም እንደ ሩቅ ሰው አየኋት፤ ፈራሁ። ጌታችን «ራሱን ይካድ» ብሏል፤ ቅዱስ ጳውሎስም «እኔም አሁን ሕያው ሆኜ አልኖርም» ብሏል። ታዲያ ይህ ከእኛ ትምህርት ጋር አንድ አይደለምን? መቀጠልስ እችላለሁ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅቴ፣ እግዚአብሔር የወንድምሽን ነፍስ ይማር፤ እናትሽንም አንቺንም ያጽናችሁ። ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የነካው እናትሽን እንደ ሩቅ ሰው ማየትሽ ነው። መፍራትሽ መልካም ነው፤ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የሰማሽው ትምህርት ምን እንደሆነ በአግባቡ ልናገር፤ ሳያውቁ መንቀፍ ለቤተ ክርስቲያን መምህር አይገባምና።

ትምህርቱ ከሕንድ የመጣ ነው። ሥሩ ኡፓኒሻድ በሚባሉት የሂንዱ ጥንታውያን መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ በስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ የኖረው ሻንካራ የተባለ መምህር አደራጅቶ አስተማረው፤ አድቫይታ ይሉታል። በእርሱ አባባል በእውነት ያለው ብራህማን ብቻ ነው፤ ብራህማን የሚሉት የሁሉ መሠረት የሆነውን፣ ወሰን የሌለውን አንዱን ህልውና ነው። አትማን የሚሉት የሰው ውስጠኛ ማንነትም ከዚያው ከብራህማን ምንም ልዩነት የለውም፤ እኔና አንቺ፣ ተራራና ወንዝ ብለን ለይተን የምናየው ባለማወቅ ነው። በጨለማ ገመድ አይቶ እባብ የመሰለውን ሰው ምሳሌ ያደርጋሉ፤ መብራት ሲመጣ እባቡ አልነበረም፣ ገመዱ ብቻ ነበር። ሻንካራ ዓለም ጭራሽ ባዶ ናት አላለም፤ እውነቱን እስኪያውቁ ድረስ ለኑሮ የምትሠራ፣ ሲያውቁ ግን እንደ እባቡ የምትቀር ናት ይላል። የቡድሃ ተከታዮች ደግሞ ከዚህ ተለይተው ቋሚ ማንነት የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም ይላሉ። በስልክ የሚዞረው ትምህርት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚያቀርባቸው ሰሚው አንድ ነገር የሰማ ይመስለዋል።

አንቺ የምትጠይቂው «እኔ ማን ነኝ?» በዘመናችን የተስፋፋው ራማና ማሃርሺ በሚባል ሰው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው፤ እንደ በድን ተጋድሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። ከዚያም ቤቱን ትቶ አሩናቻላ ወደሚባል ተራራ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልተለየም። ይህን የማነሣልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄው የተወለደው ከሞት ፍርሃት ነው፤ አንቺም ወደ እርሱ የደረስሽው በወንድምሽ ሞት በኩል ነው። ስለዚህ መልሱ መመዘን ያለበት በሞት ፊት ነው፤ ለሚሞተውና ለሚያለቅሰው ሰው ምን አለው?

በዚህ ትምህርት ውስጥ እውነት የሚመስል ነገር ያገኘሽው ተሳስተሽ አይደለም። እኛም ከራሳችን የሆነ ህልውና እንደሌለን እናምናለን። እግዚአብሔር ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር አመጣው፤ እጁን ቢያነሣ የሚቆም የለም። ሰሎሞን «ሁሉ ከንቱ ነው» ይላል፤ ያዕቆብ «ጥቂት ጊዜ ታይቶ ኋላ እንደሚጠፋ እንፋሎት ናችሁ» ይላል፤ ጳውሎስም በአቴና «በእርሱ ሕያዋን ነንና እንንቀሳቀሳለን እንኖርማለን» ብሎ ሰብኳል። ሰው በስሙ፣ በኩራቱ፣ በቂሙ የሚገነባው ማንነትም ሐሰተኛ ነው። ጌታችን ካዱት ያለው ይህን ነው፤ አባቶቻችንም በገድል የተዋጉት ይህን ነው።

መንገዱ የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ለሙሴ «ያለና የሚኖር» ሆኖ የተገለጠው አምላክ የፈጠረውን አይቶ «እጅግ መልካም» አለው። ህልውናችን የተሰጠን ነው፤ ሰጪው ደግሞ እውነተኛ ስለሆነ ስጦታውም እውነተኛ ነው። የአገራችን ጦሳ ተራራም ቦርከና ወንዝም የሆኑት በፈቃዱ ነው፤ ወንድምሽም እንዲሁ። ጠቅሰሽ የላክሽልኝን ቃል እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሐዋርያው «ክርስቶስ ግን በእኔ ይኖራል» ብሎ አላቆመም፤ «በወደደኝና ስለ እኔ ራሱን በሰጠው በእግዚአብሔር ልጅ» እምነት እኖራለሁ ብሎ ቀጠለ። የሞተው ለራሱ የሚኖረው ጳውሎስ ነው። የተወደደው ጳውሎስ ግን አለ፤ ተወድጃለሁ ብሎ የሚጽፈውም እርሱ ነው።

አንድነትንማ እኛ እንሰብካለን! ነገር ግን የምንሰብከው አንድነት ማንንም አያጠፋም። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ናቸው። ዓለም ከመፈጠሩ በፊት አብ ወልድን ይወደው ነበር፤ ከሁሉ በፊት ያለው ፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ ያለ ወዳጅና ያለ ተወዳጅ አይሆንም። በሥጋዌም ቃል ሥጋ ሲሆን መለኮት ወደ ትስብእት (ወደ ሰውነት)፣ ትስብእትም ወደ መለኮት አልተለወጠም፤ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መለያየት አንድ ሆኑ። አባቶች የጋለ ብረት ምሳሌ ያደርጋሉ፤ ብረቱ እንደ እሳት ያበራል፣ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ግን ብረትነቱን አያጣም። የክርስቶስ ተዋሕዶ የአካልና የባሕርይ ነው፣ የእኛ ከእግዚአብሔር ጋር አንድ መሆን ደግሞ በጸጋ ነው፤ ሁለቱን እኩል አናደርጋቸውም። ቢሆንም ይህን እምነት ጠዋት ማታ የሚዘምር ሰው ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ለመሆን እኔ መጥፋት አለብኝ ብሎ ሊያስብ አይገባውም።

በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ጌታችን ሥጋ የለበሰው በምትሐት ነው፣ የታመመው መስሎ ነው የሚሉ ነበሩ። ለአንበሳ የተሰጠው የአንጾኪያው ጳጳስ ቅዱስ አግናጥዮስ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ በጻፋቸው መልእክታት የመለሰላቸው በራሱ ሰንሰለት ነው፤ ጌታ መከራ የተቀበለው መስሎ ከሆነ እኔስ ስለ ምን ታስሬአለሁ፣ ስለ ምን ከአራዊት ጋር ልታገል እሄዳለሁ አላቸው። መከራ ምትሐት ነው የሚለው ነገር ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም፤ የመለሱለትም ሰማዕታት ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ በሕንድም ቢሆን ሁሉም ሻንካራን አልተቀበሉትም። ራማኑጃ የተባለ የሂንዱ መምህር ከእርሱ በኋላ ተነሥቶ ነፍሳትም ዓለምም እውነት ናቸው ብሎ በብርቱ ተከራክሮታል። የሻንካራ ተከታዮች ራሳቸው ያ አለማወቅ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ለሁለት ተከፍለዋል፤ አንዱ ወገን የግለሰቧ ነፍስ ነው ሲል ሌላው በብራህማን ላይ ያደርገዋል። ጥያቄው ከባድ ነው። ነፍስ ሐሰት ከሆነች ተታለለች የምትባለው ማን ናት? ብራህማን ከሆነ ደግሞ ፍጹም የሆነው እንዴት ተታለለ? እኔ ለዚህ የሚያሳርፍ መልስ አላገኘሁም።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። ጌታችን ወደ አልዓዛር መቃብር ሲሄድ እንደሚያስነሣው ያውቅ ነበር። የሞት ፍጻሜ ከእርሱ የተሰወረ አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ»። እውነትን ሁሉ የሚያውቀው ካለቀሰ፣ እውነትን ማወቅ እንባን ያደርቃል የሚለው ትምህርት ከእርሱ አይደለም። ሐዋርያው ያዘዘን ተስፋ እንደሌላቸው እንዳናዝን እንጂ ጨርሶ እንዳናዝን አይደለም። በእኛ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንዱ በአንዱ ለቅሶ ተገኝቶ የሚቀመጠው ሟቹ ሰው እንደነበረ፣ ስም እንደነበረው ስለሚያውቅ ነው። ደግሞ አስቢው፤ የሞተ የለም ካልን የገደለም የለም፤ ንስሐ የሚገባ፣ ይቅር የሚባል፣ የሚፈረድበትም የለም። ይህች ምድር ካየችው በኋላ እንዲህ ብሎ ማስተማር በእናቶች ላይ መጨከን ነው። ልጅቷ ትምህርቱን የሰጠችሽ አዝናልሽ መሆኑን አምናለሁ፤ አትጣያት።

ቤተ ክርስቲያን ወንድምሽን ሲጠመቅ በክርስትና ስሙ ጠራችው፤ በፍትሐቱም በዚያው ስም ጠራችው። እግዚአብሔር በነቢዩ «በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ» ይላል። መግደላዊት ማርያም ከሙታን የተነሣውን ጌታ ያወቀችው ስሟን ሲጠራት ነው። ለደቀ መዛሙርቱም «እጆቼንና እግሬን እኔ ራሴ እንደ ሆንሁ እዩ» አላቸው፤ የችንካሩ ምልክት አልጠፋም ነበር። ትንሣኤ ሙታን የምንለው ይህን ነው፤ የሚነሣው ራሱ ወንድምሽ ነው።

ታዲያ ያገኘሽው ዕረፍት ከየት መጣ? የጋኔን ነው የሚሉሽ ይኖራሉ፤ እኔ ለዚያ አልቸኩልም። የደከመ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ትንፋሹ ይረጋጋል፣ ሐሳቡ ይሰክናል፤ ይህ ፈጣሪ በተፈጥሮ ያኖረው ነው። ነገር ግን ልብ ማረፉ የትምህርቱን እውነትነት አያስረዳም፤ ፍሬውን በእናትሽ ለቅሶ ላይ አይተሽዋል። ስለዚህ በዚያ መንገድ መቀጠል የለብሽም። ዝምታውን ግን አልከለክልሽም። ዝምታ ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መነኮሳትን በጸጥታና በጸሎት አስተምረዋል።

ከፈረቃ ስትወጪ እንደለመድሽው ተቀመጪ። ከዚያ በፊት በመስቀል ምልክት አማትቢ፤ ቀስ ብለሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሥራ ሁለት ጊዜ በዪ። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ከመጣብሽ አታባርሪው፤ እንደ ዳዊት ወደ እግዚአብሔር አዙሪው፤ «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው? ትጐበኘውም ዘንድ የሰው ልጅ ምንድር ነው?» በዪ። ያን ጊዜ ብቻሽን አትጠይቂም፤ የሚያስብሽ ፊትሽ አለ። ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የእንቅልፉ ችግር ካልተሻለሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ጸበል መጠጣትሽና መታከምሽ አይጣሉም።

እናትሽ ጋር ደግሞ ተቀምጣችሁ ስለ ወንድምሽ አውሩ፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን ይላት እንደነበር ታጫውትሽ። እንባ ካልመጣ አታስገድጂው፤ ከመጣም አትያዢው። የሚመጣው እሑድ የክርስትና ስሙን ጽፈሽ ለካህኑ ስጪ፤ በቅዳሴ እንዲታሰብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።