ግሬደሩን በነሐሴ አትጥሩት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መንዝ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የጠጠር መንገዳችን ነሐሴ ላይ በግሬደር ተጠረገልን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከበፊቱ የባሰ ጭቃ ሆነ። ካናዳ ያለው ወንድሜ «እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ጨው ይበተናል» ይለኛል። ለኛስ ምን ይሻላል? አስፋልት እስኪመጣ ዝም ብለን እንጠብቅ?

መልስ፦ ልጄ፣ ያንን ጭቃ አውቀዋለሁ። የመንገድ ጥገና ፎርማን ሆኜ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ስመላለስ ነው የኖርኩት። አንድ ነሐሴ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስታልፍ፣ የኛው ግሬደር ጭቃ ይዞት ቆሞ ነበር። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል።

ጨው በረዶ ያቀልጣል እንጂ ጭቃ አያደርቅም። እዚያም ቢሆን እንደ መንገዱ ዓይነት ነው። ውሃ እንዲያሳልፍ ተብሎ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት አስፋልት ጨውን ወደ ውስጥ ስለሚያሰርገው ቶሎ ቶሎ መበተን አለበት። ጠጠር መንገድን ግን ጨው ስለሚያላላው አሸዋ ይመርጡለታል።

ዋልካ መሬት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከላይ የለበሰው ገረጋንቲ፣ ማለትም አፈር ያለበት ጠጠር፣ ውሃውን ወደ ቦዩ ካልሸኘ፣ ዋልካው ጠጠሩን ይውጠዋል። መኪና ሲረግጠው የከረመ መንገድ ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት አለው። የነሐሴው ግሬደር እሱን ልጦላችሁ ነው የሄደው። ጥርጊያ በበልጉ ማብቂያ ነው፣ መሬቱ እርጥበት ሳያጣ። ቢዘገይ ግንቦት። መሃሉ ከፍ ብሎ፣ ወደ ዳር በየሜትሩ ከ4 እስከ 6 ሳንቲም ይውረድ። አስፋልት ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል።

ገረጋንቲ ሲራገፍ እፍኝ ዝገኚና በውሃ አርሰሽ ጨብጪው። እጅሽን ስትከፍቺ ከተበተነ ማያያዣ አፈር የለውም፤ በበጋ መኪና ያንቀጠቅጣል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አፈሩ በዝቷል፤ በክረምት ያንሸራትታል። ቅርጹን ይዞ መዳፍሽን ብዙም ካላጨቀየ፣ ይራገፍ በይ።

አስፋልትም ጥገና ይፈልጋል። ስንጥቁ ከሰኔ በፊት ካልተደፈነ ውሃ ይገባና ጉድጓድ ይሆናል። ለአጭር ዳገት ኮብልስቶን እወዳለሁ፤ ግን ጎርፍ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን አሸዋ ስለሚጠርገው፣ በየዓመቱ መሙላት ነው።

አሁን ሽማግሌዎቹን ይዘሽ ወረዳ ሂጂ። ግሬደሩ በግንቦት እንዲመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። እሱ እስኪመጣ ከመንገዱ ስር ውሃ የሚያሳልፉት ቱቦዎች ውስጥ የተኛውን ደለል በአካፋ አውጡት።