የኪልን ጥገና ለኮንትራክተር ሲሰጥ፦ ጥያቄና መልስ

በሲሚንቶ ፋብሪካ ጥገና ክፍል የሚሠሩ ባልደረቦች ስለ ኮንትራክተር አያያዝ ላነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። ኪልን የሲሚንቶው ጥሬ ዕቃ የሚቃጠልበት፣ ውስጡ በጡብ የተለበጠ፣ የሚዞር ትልቅ የብረት ምድጃ ነው።

ጥያቄ፦ የኪልን ጡብ ቅየራን በቀን ሂሳብ እንስጥ ወይስ በቁርጥ?

በሜትር ስጡት። ስንት ሜትር ጡብ እንደሚነሳ ኪልኑ ቀዝቅዞ፣ ጡቡ ተበስቶ ውፍረቱ እስኪለካ ድረስ በእርግጠኝነት አይታወቅም። በቁርጥ ከተዋዋላችሁ ኮንትራክተሩ ስጋቱን ዋጋው ላይ ይጭነዋል፤ አለዚያ መነሳት ያለበትን ጡብ «ይቆያል» ብሎ ያልፈዋል። በቀን ሂሳብ ከሆነ ደግሞ ሥራው በዘገየ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። ለማፍረስና ለመደርደር የየራሱ የሜትር ዋጋ ይኑር፤ ዕቃ ማጓጓዝና መወጣጫ መትከል ለብቻ በቁርጥ ይሁን። የቀን ሂሳብ ለድንገተኛ ሥራ ብቻ ይቆይ፤ ያውም ሱፐርቫይዘራችሁ በየቀኑ የሚፈርምበት የሰዓት መዝገብ ኖሮት።

ጥያቄ፦ አዲስ የተደረደረ ጡብ በሁለት ሳምንት ወደቀ። ኮንትራክተሩ «ቶሎ አሞቃችሁት» ይላል፣ እኛ «አደራደሩ ነው» እንላለን። ማን ልክ ነው?

ቶሎ ማሞቅም መጥፎ አደራደርም ጡብ ይጥላሉ። ስለዚህ ክርክሩ የሚፈታው ሥራው ሲሠራ በተያዘ መዝገብ ነው፤ ጡቡ ከወደቀ በኋላ የሚገኘው ማስረጃ ትንሽ ነው።

በእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ የእናንተ ሰው ኪልኑ ውስጥ ይኑር። የተለመደው ጡብ በኪልኑ ርዝመት 198 ሚሊሜትር ስለሚይዝ አንድ ሜትር አምስት ቀለበት (ኪልኑን የሚዞር የጡብ ረድፍ) ያህል ነው፤ ቀለበቶቹን በጠመኔ ቁጥር ስጧቸው። ከመደርደሩ በፊት የኪልኑ ላሜራ (የብረት ግድግዳው) ከዝገትና ከቅርፊት መጽዳቱ ይፈረም። ጡቡ ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ መግጠም አለበት፤ ከጀርባው ክፍተት ከቀረ ኪልኑ ሲዞር ጡቡ ይንቀሳቀሳል፣ ቀለበቱም ይጠማዘዛል። ብዙ ስህተት የሚሠራው መዝጊያው ላይ፣ ማለትም ቀለበቱ በመጨረሻዎቹ ጡቦች ሲዘጋ ነው። ቀለበቱን ለማጥበቅ በጡቦች መሃል የሚገባው የብረት ሽብልቅ 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በአንድ መገጣጠሚያ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሦስት ተደራርቦ ካያችሁ የመዝጊያ ጡቡ ምርጫ ተሳስቷልና ቀለበቱ ይፈታ። ቀለበቱ ሲዘጋ ቁጥሩ በሚታይበት ፎቶ ይነሳ፤ በመዶሻም ይደብደብ፤ የላላ ጡብ ድምፁ ባዶ ነው።

በእናንተ በኩል ደግሞ የማግኒዥያ ጡብ እርጥበት እንዳያገኘው ተጠንቀቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ሜዳ የቆየ ጡብ ሳይደረደር ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያ የኮንትራክተሩ ጥፋት አይደለም። ተደርድሮ ያለቀውን ኪልን በቀዝቃዛው ያለ አስፈላጊነት አታዙሩት። የማሞቂያውን ሰንጠረዥ ከጡብ አምራቹ ተቀበሉና ከመቆጣጠሪያ ክፍል የወጣውን የሙቀት ግራፍ ከርክክብ ሰነዱ ጋር አያይዙ። ይህ ሁሉ ከተያዘ «ማን ልክ ነው» የሚለው በግማሽ ሰዓት ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ኪልኑ እንዳይነሳ የኃይል ማብሪያው ላይ የእኛ ኤሌክትሪሺያን ጓጉንቸር ብቻ ታስሮ የኮንትራክተሩ ሠራተኞች መግባታቸው በቂ ነው?

አይደለም። የሚገባ ሁሉ የራሱን ጓጉንቸር ያስራል፣ ቁልፉንም ኪሱ ይይዛል። ብዙ ሰው ከሆነ የማብሪያዎቹ ጓጉንቸሮች ቁልፎች የሚቀመጡበት የጋራ ሣጥን አዘጋጁና እያንዳንዱ ሠራተኛ ሣጥኑ ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይሰር። ዋናውን ሞተር ዘግቶ የማዞሪያውን ረዳት ሞተር መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሁለቱም ይዘጉ፣ ከዚያ የማስነሻ ቁልፉ ተጭኖ አለመነሳቱ ይታይ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከላይ ያለው ሳይክሎን (የጥሬ ዕቃው ዱቄት ኪልን ከመግባቱ በፊት የሚሞቅበት ዕቃ) ነው። ተጣብቆ የቀረ ትኩስ ዱቄት ድንገት ሲለቅ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ከታች ላለ ሰው ማምለጫ የለውም። ሳይክሎኖቹ ሁሉ ተከፍተው ባዶ መሆናቸው በዓይን ሳይረጋገጥ ማንም ኪልን ውስጥ አይግባ። ኦክስጅኑም ከመግባት በፊትና በሥራ መሃል ይለካ፤ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ መግባት የለም።

ጥያቄ፦ የፋን ጥገና ርክክብን በምን እንለካው?

በንዝረት። ከ300 ኪሎዋት በላይ ሞተር ላለው፣ በጠንካራ መሠረት ላይ ለተተከለ ፋን በአይኤስኦ 10816-3 (በ2022 እ.ኤ.አ. በአይኤስኦ 20816-3 በተተካው የንዝረት መለኪያ ደረጃ) መሠረት ከጥገና በኋላ 2.3 ሚሊሜትር በሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ጠይቁ። ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ መለኪያውን የሚይዘው የእናንተ ሰው ይሁን፣ ኩሽኔታው ሙቀቱ እስኪረጋጋም ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ በጨረታ ጊዜ ጥሩ በያጆች ያሳዩናል፣ በሥራው ቀን ሌሎች ይመጣሉ።

ስማቸው ውሉ ውስጥ ይግባ፤ መተካት የሚቻለው በእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይሁን። የመጣው ሁሉ በር ላይ በናሙና ላሜራ ይፈተን፤ የበየደው ተቆርጦ ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ወደ ሥራው አይገባም።