ብዕሩን ሳታይ መስመሩን ከየት አመጣኸው?

«ሦስት ዓመት ሙሉ ፊግማ (የስክሪን ገጽ መንደፊያ ሶፍትዌር) ላይ ብቻ ነው የሠራሁት። አለቃዬ ‹አንድ የእጅ ጥበብ ተማሪ፣ ዲዛይንሽ ይለወጣል› ይለኛል። ለስክሪን ዲዛይነር እውነት ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ብዙ ሰው «አእምሮ ያዝናናል፣ ፈጠራን ያነቃቃል» ይልሻል። ይሁን። እኔን ግን አላዝናናኝም፤ ወገቤን ነው ያመመኝ። የጠቀመኝ በሌላ በኩል ነው።

እኔ የተማርኩት ከብራና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጋ ላይ፣ አንድ ቁም ጸሐፊ (ብራና ላይ በእጅ መጻሕፍት የሚጽፍ) ዘንድ ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለስኩ። ሐሳቤ ሐረግ መሳል ነበር፤ ያቺን በገጹ አናት ላይ የምትጠላለፈውን ጌጥ። ፎቶ አንስቼ ኢንተርኔት ላይ ስለጥፋት ይታየኝ ነበር። የኔታ ግን ሐረግ አላሳዩኝም። የፍየል ቆዳ ሰጡኝ።

ቆዳው ውሃ ውስጥ ሰንብቶ፣ እንጨት ላይ በገመድ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ነው ብራና የሚሆነው። ሽታውን ተዪው። የመጀመሪያዋ ላይ መፋቂያው አዳለጠኝና የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አወጣሁ። «ሌላ ልጀምር የኔታ?» አልኳቸው። «ፍየሏን ልታስነሣት ነው?» ብለው ሳቁ። በክር ጠቅ ጠቅ አደረጉና ቀጥል አሉኝ። የድሮ መጻሕፍት ብታዪ ጸሐፊው ቀዳዳዋን ዞሮ የጻፈባቸው ገጾች አሉ።

ከዚያ ማስመር መጣ። ዋናው ትምህርቴ እዚህ ጋ ነው።

ብራና ላይ መስመር በቀለም አይሰመርም። የታጠፉት ቅጠሎች ይደራረቡና ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ትይዩው ማስመሪያ ይጋደማል፣ በደነዘ ጫፍ ጫን ተደርጎ ይሳባል። የሚቀረው ጎድጎድ ያለ መስመር ነው። ብርሃን በጎን ሲመታው ይታያል፣ ፊት ለፊት ስታዪው ይጠፋል። አንዴ የተበሳች ቀዳዳ የተደራረቡትን ቅጠሎች ሁሉ ትገዛለች። በእኛ በዲዛይነሮች ቋንቋ ግሪድ ነው፤ ሁሉ ነገር የሚሰለፍበት የመስመሮች መረብ። የተሳሳተ ግሪድ ደግሞ ከቆዳ ላይ አይጠፋም።

እኔ እንደ ጎበዝ ተማሪ ማስመሪያዬን አወጣሁና በየ8 ሚሊሜትሩ ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። ለምን 8? ስክሪን ላይ ሁሉንም ነገር በ8 ፒክስል ስለምለካ! ሌላ ምክንያት የለኝም። የኔታ አዩት።

«ብዕርህ የታለ?»

«ገና አልቀረጽኩም።»

«ታዲያ ብዕሩን ሳታይ መስመሩን ከየት አመጣኸው?»

ዝም አልኩ። እሳቸው መቃውን ቀርጸው፣ መሬት ላይ ከተተከለው ቀንድ ቀለም ጠቅሰው፣ ቁራጭ ብራና ላይ አራት አምስት ፊደል ጻፉ። ቁመቱን አዩት። ከዚያ ነው ወስፌ ያነሡት። የብዕሩ አፍ ስፋት የፊደሉን ቁመት ይወስናል፣ የፊደሉ ቁመት መስመሩን ይወስናል፣ መስመሩ ደግሞ ገጹ ስንት እንደሚይዝ ይወስናል። እኔ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ ኋላ እየሄድኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የክፍያ መተግበሪያ እየሠራሁ ነበር። በእንግሊዝኛ ነደፍኩት፣ ደንበኛው አጸደቀው፣ መጨረሻ ላይ አማርኛውን ለጠፍኩበት። ፊደሉ 16 ፒክስል፣ የመስመሩ ቁመት 20። እንግሊዝኛው ቆንጆ ነው። አማርኛው የብሎኬት ግድግዳ ሆነ። አዝራሮቹ ላይማ ጭራሽ አናቱ የተቆረጠ ፊደል ነበር።

ያን ቅዳሜ ማታ ፋይሉን ከፍቼ ፊደል በፊደል አየሁት። የላቲን ትንንሽ ፊደሎች አብዛኞቹ አጎንብሰው ነው የሚሄዱት፤ አልፎ አልፎ አንዱ አንገቱን ቀና ያደርጋል። በመስመሮቹ መካከል አየሩ በራሱ ይመጣል። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ የሚባል ነገር የለውም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆሞ ነው የሚሄደው። እነ ኘ እና ዠ ኮፍያ ደፍተው ይመጣሉ፣ እነ ቷ እና ቿ ጫማ አጥልቀው። 20 ፒክስል ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው የት ይግባ?

ስንት ዓመት ሙሉ «አማርኛ ስክሪን ላይ አያምርም» እያልኩ ፊደሉን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ለካ ቀዳዳውን የበሳሁት ብዕሩን ሳላይ ነው። እንዲያውም እኔ አልበሳሁትም፤ ሌላ ሰው ለሌላ ፊደል የበሳውን ወረስኩ። የመስመሩን ቁመት 26 አደረግኩት፣ አዝራሮቹን ከ40 ወደ 48 ከፍ አደረግኳቸው። ከዚያ በኋላ አማርኛውን አስቀድሜ ነው የምነድፈው። ለአማርኛው የበቃ የመስመር ቁመት ለእንግሊዝኛውም ይበቃል፤ በተቃራኒው ግን አይሆንም።

ሌላው የማጉላት ነገር ነው። አንድ ቃል ጎልቶ እንዲታይ ስንፈልግ ቦልድ (ማወፈሪያውን) እንጫናለን፣ ወይም እናዘነብለዋለን። የመረጥሽው ፎንት የራሱ ወፍራም ቅርጽ ከሌለው ደግሞ ማሰሻው (ብራውዘሩ) ዝም ብሎ በግድ ያወፍረዋል። «ጨ»ን እና «ጭ»ን በዚህ ዓይነት ቦልድ በትንሽ መጠን እያቸው፤ ሆዳቸው ተደፍኖ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ማዘንበል ለላቲን ታሪክ አለው፤ ለፊደላችን የለውም። ብራናው ላይ የኔታ የእመቤታችን ስም ጋ ሲደርሱ ብዕር ይቀይሩና ቀይ ቀለም ይጠቅሳሉ። ያው ፊደል፣ ያው መጠን፣ ያው ውፍረት። ቀለሙ ብቻ ይለወጣል፣ ዓይንሽም ከሩቅ ይይዘዋል።

ይህን እንዳለ ስክሪን ላይ አታምጪው ታዲያ! እኔ ሞክሬው የሒሳቡን ድምር በቀይ ጻፍኩና የሞከሩት ሰዎች ሁሉ «ብሩ አልገባም እንዴ?» አሉ። ስክሪን ላይ ቀይ የስህተት ቀለም ሆኗል። እኔ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ መለወጥን ነው። አሁን ድምሩን በጠቆር ያለ ቀለም፣ የቀረውን በግራጫ አደርጋለሁ፤ ቦልድ ከነጭራሹ ትቻለሁ።

ስለ ስህተት ብዙ አልልም፤ ሁሉም ሰው «መመለሻ ቁልፍ የለውማ» ይላል። አለው እኮ። በምላጭ ይፋቃል። የተፋቀው ቦታ ግን ይሻክራል፣ ቀለሙም እዚያ ጋ ይፈስሳል። የተዘለለ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ምልክት ይደረግለትና ኅዳጉ (የገጹ ባዶ ዳር) ላይ ይጻፋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አለቃሽ ልክ ነው፤ ግን «አንድ የእጅ ጥበብ» ካለሽ የትኛውንም አትያዢ። ስክሪን ላይ ከምትሠሪው ነገር ጋር የሚነካካውን ያዢ። ጽሑፍ የሚበዛበት ሥራ ከሆነ የምትሠሪው፣ ከብዕር ጀምሪ። ከጨርቅ ወይም ከጌጥ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ሽሮ ሜዳ ሂጂና ሸማኔው ጥበቡን ክር እየቆጠረ ሲያወጣ ቁጭ ብለሽ እዪ። ሸክላ እወዳለሁ ካልሽ ለደስታሽ ሥሪ፣ ለአዝራር ግን ብዙም አይረዳሽም። በእኔ ግምት ማለቴ ነው።

ብራና ደግሞ የግድ አይደለም። ለመጀመሪያ ቀን ወፍራም ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ መርፌና አፉ ሰፋ ያለ ማርከር ይበቃሻል። ሸንበቆ ካገኘሽ አፉን በምላጭ ገደድ አድርገሽ ቁረጪው። አሁን ከምትሠሪው መተግበሪያ አንድ ገጽ ምረጪ፤ ጽሑፉን እንዳለ በእጅሽ ገልብጪ። መጀመሪያ ግን ቁራጭ ወረቀት ላይ ኘ፣ ቷ፣ ጭ እና ሀ ጻፊ። ረጅሙን ለኪ። ከዚያ ብሺ፣ አስምሪ፣ ጻፊ። ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

ስትጨርሺ ፎቶውን ከስክሪኑ ገጽ ጎን አድርገሽ እዚሁ ለጥፊው። የመስመሩን ክፍተት አብረን እናየዋለን። የምትጠቀሚበትንም ፎንት ስሙን ጻፊልኝ።