አባቴ በሁለት አገር ኖረው አረፉ፤ የሕይወት ታሪካቸውን እንዴት ልጻፍ?

ጥያቄ፦ አባቴ ዘጌ ተወልደው በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1970 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ። እኔ ያኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ገዳሪፍና ካርቱም አምስት ዓመት ያህል ቆይተው አሜሪካ ገቡ፤ ዋሽንግተን ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሠራተኛነት፣ በኋላም በታክሲ ሹፌርነት እየሠሩ እናቴንና ሁለቱን ታናናሾቼን ወሰዱ። እኔ ከአያቴ ላለመለየት እዚሁ ቀረሁ። አምና እዚያው አርፈው እዚያው ተቀበሩ። በሚመጣው ወር ሙት ዓመታቸው ሲታሰብ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ቤተ ዘመዱ መርጦኛል። ታናናሾቼ የላኩልኝ የቀብር ጽሑፍ ልደታቸውን ጃንዋሪ 1 ቀን 1950 ይላል፤ አያቴ ግን «የክረምት ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ዘመዶቼ ያሠሩትን ቤትና ያስተማሯቸውን ልጆች ብቻ እንድጠቅስ ይመክሩኛል። እኔ አባቴን የማውቃቸው በካሴት በሚልኩልን ድምፅ ነው፤ በእያንዳንዱ ካሴት የዘጌው ቡና አፍርቶ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። ምን ልጻፍ?
የበኵር ልጅ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ስለ ልደቱ አያትዎን ይመኑ። ብዙ ስደተኛ የልደት ወረቀት ሳይዝ ስለሚወጣ፣ ዓመቱ ብቻ ሲታወቅ ቀኑ የፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ተደርጎ ይሞላ ነበር። ያ ቀን ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው፤ ታኅሣሥ ደግሞ ክረምት አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ፣ ክርስትናቸው በየትኛው በዓል ሰሞን እንደዋለ የሚያስታውስ ሽማግሌ ዘጌ ውስጥ ካለ ከዚያ ወደ ኋላ ይቍጠሩ፤ ለምሳሌ ቡሄ ሰሞን ከነበረ ልደታቸው ሐምሌ መግቢያ ላይ ይውላል። የሚያስታውስ ካልተገኘ «በ1942 ዓ.ም. ክረምት» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

በቤቱና በትምህርቱ ጉዳይ ግን ከዘመዶችዎ ጋር አልስማማም። ቤቱን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ እዚህ ያለ ሰው ያላየው ገንዘቡ የተገኘበትን ሌሊት ነው። ታናናሾችዎን በስንት ሰዓት ከቤት ይወጡ እንደነበር፣ በብርድ ቆመው ሲያድሩ ምን ይለብሱ እንደነበር፣ በጾም ማን ያበስልላቸው እንደነበር፣ ልጆቻቸውን በየትኛው ቋንቋ ይቈጡ እንደነበር ይጠይቋቸው። አያትዎ ባረፉ ጊዜ መርዶውን እነማን ማልደው ሄደው እንዳረዷቸውም ይጠይቁ፤ የአገር ልጅ ተሰብስቦ በባዕድ አገር የሚያረዳው መርዶ የስደተኛ ታሪክ ትልቁ ክፍል ሆኖ ሳለ ከጽሑፍ ሲቀር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እኔ ብሆን ጽሑፉን በቡናው እጀምራለሁ። ዘጌ ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለበት፣ ኑሮው በቡና የቆመ አገር ነው። ስለዚህ አባትዎ ቡናው አፍርቶ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ እናታቸው የሚበሉት እንዳላቸው መጠየቃቸው ነበር። ይህን የባሕር ዳር ሰው ወዲያው ይረዳዋል፤ አሜሪካ ያደጉት የልጅ ልጆች ግን ካልተጻፈላቸው አያውቁትም። ካሴቶቹን እንደገና ያዳምጡና ቃላቸውን እንዳለ ይገልብጡ፤ የካሴት ክር ሲያረጅ ስለሚበጠስም ሳይዘገዩ ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ያስቀዱት።

የተለያያችሁባቸውን ዓመታት አይደብቁ። በ1970 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ድንበር የተሻገረ ሰው እንዳሻው አይመለስም ነበር። አሜሪካም ለአፍሪካ ስደተኞች በሯን በሰፊው የከፈተችው በእነርሱ አቈጣጠር በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ስለሆነ፣ የካርቱሙ ቆይታ ቤተሰብን ከመርሳት የመጣ እንዳልነበረ አድማጩ ይረዳል። እርስዎ ከአያትዎ ጋር መቅረትዎም ይጻፍ። አባትዎን በድምፅ ብቻ እያወቁ ማደግዎን በራስዎ አንደበት፣ «እኔ» ብለው ቢያነቡት ነውር የለበትም።

በመጨረሻ ስሞቹን ይመልከቱ። በአሜሪካ ወረቀት የታናናሾችዎ የቤተሰብ ስም የአያታችሁ ስም ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ ግን የአባትዎ ስም ነው። ሦስታችሁን በየስማችሁ ብቻ ዘርዝረው የአባታችሁን ስም አንድ ጊዜ ከበላይ ይጻፉት፤ ከማንበብዎ በፊትም ረቂቁን ለእናትዎ በስልክ ያንብቡላቸው።